ጥያቄ አልቀረበም

ድሬዳዋ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን የመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ በብረት ቁም ሣጥኑ ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ፣ የሽፋኑ ጠርዝ የተበላ አንድ የቃለ ጉባኤ መዝገብ አለ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም.፣ በኮሮና ምክንያት ተዘግተው የቆዩት ትምህርት ቤቶች ሊከፈቱ ሲሉ፣ ስላደረግነው የመምህራን ስብሰባ በሚናገረው ገጽ መጨረሻ ላይ «ትምህርት ቤቶች ስለሚከፈቱበት ሁኔታ ገለጻ ተደርጓል፤ ከመምህራን በኩል ጥያቄ አልቀረበም» የሚል ዓረፍተ ነገር ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። የአማርኛ መምህርት በመሆኔ ቃለ ጉባኤ የመያዝ ሥራ ዘወትር ለእኔ ይሰጣል፤ እኔም በስብሰባ ላይ ያልተባለውን እንዳልጨምር፣ የተባለውንም እንዳልቀንስ እጠነቀቃለሁ። በዚያ ገጽ ላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ባለፈው ሳምንት ሌላ ጉዳይ ፈልጌ መዝገቡን ስገልጥ ዓይኔ በዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ አረፈና ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ ሊወጣ አልቻለም።

ስብሰባው የተካሄደው በግቢያችን ባሉት የኒም ዛፎች ጥላ ሥር ነበር። ወንበሮቻችንን አራርቀን ተቀመጥን፤ ርዕሰ መምህራችንም የመጣውን መመሪያ ነጥብ በነጥብ አነበቡልን። ተማሪዎች በፈረቃ ይገባሉ፤ በአንድ ዴስክ አንድ ተማሪ ብቻ ይቀመጣል፤ ያለ ጭምብል በበር ማለፍ አይቻልም፤ በበሩ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ይዘጋጃል፤ የጠዋት ሰልፍ ይቀራል። ከተነበበልን ውስጥ ስለ መምህሩ የማስታውሰው ለተማሪዎች አርአያ መሆን እንዳለበት የሚናገረውን ብቻ ነው። ከዚያ «ጥያቄ ካለ» ተባለ። ከ40 የማናንስ መምህራን ነበርን። ማንም እጁን አላወጣም፤ ሁላችንም መሬት መሬቱን እናይ ነበር፤ እኔም ጻፍኩ።

ጥያቄዎቹ የቀረቡት ስብሰባው ከተበተነ በኋላ፣ ከዛፎቹ እስከ ግቢው በር ባለው መንገድ ላይ፣ አንድ በአንድና በዝቅተኛ ድምፅ ነው። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የነበረች ባልደረባዬ እንደ እርሷ ላሉ ሴቶች የተለየ ነገር ተነግሮ እንደሆነና ምናልባት አምልጧት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሌላዋ፣ ገና በሁለተኛ የሥራ ዓመቷ ላይ የምትገኝ ልጅ፣ የተከራየችበት ግቢ ባለቤት ታማሚ እናት ስላሏቸው «ማስተማር ከጀመርሽ ሌላ ቤት ፈልጊ» እንዳሏት ነገረችኝና በወር ከምታገኘው ደመወዝ ላይ ሌላ ቤት በምን እንደምትከራይ ጠየቀች። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው የሒሳብ መምህራችን፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሰው፣ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝና «ለመሆኑ ከእኛ አንዱ ቢታመም ክፍሉን ማን ይይዘዋል?» አሉኝ። መዝገቡ በብብቴ ሥር ተዘግቶ ነበር። ለአንዳቸውም መልስ አልነበረኝም፤ ከእነርሱ መካከልም «ጻፊው» ያለኝ አልነበረም።

ለምን እንዳልጠየቅን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት የመንግሥት መምህራን ደመወዛችን ሳይቋረጥ ቤት ተቀምጠናል፤ በዚያው ወቅት በግል ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ ጓደኞቻችን ወላጆች ክፍያ ባለመክፈላቸው ደመወዛቸው ይመጣ አይመጣ እያሉ ሲጨነቁ እናያለን። ነርሶች በየኳራንቲኑ ያድራሉ። ከጅቡቲ የሚመለሱ ወገኖቻችን በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዲቆዩ ሲደረግ እነርሱን የሚመግቡና የሚከታተሉ ሰዎች ነበሩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ «እኔ ልጆች ፊት መቆም ፈራሁ» ብሎ በስብሰባ መናገር አሳፋሪ ሆነብን። በቋንቋችን «ፈሪ ለእናቱ» የሚባል አነጋገር አለ። ልጅ ሳለሁ የምሰማው እንደ ስድብ ነበር፤ በዚያ ጥቅምት ግን ቃል በቃል የእኔ ታሪክ ሆነ፤ የፈራሁት ለእናቴ ነበር።

እናቴ ስኳርና አስም አለባት። በወጣትነቷ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትሠራ ኖራለች፤ አስሙ ከጥጥ ብናኙ የመጣ እንደሆነ እርሷ ታምናለች። በ2011 ክረምት ድሬዳዋን ያጥለቀለቀው ቺኩንጉንያም አልማራትም። ያን ክረምት ከተማችን ውስጥ የነበረ ሰው አይረሳውም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታሞ፣ በየቤቱ ወገቡንና ጉልበቱን ይዞ የሚያቃስት አይጠፋም ነበር፤ ትኩሳቱ በቀናት ቢለቅም የመገጣጠሚያው ሕመም በብዙዎች ላይ ወራት ቆየ። በእናቴ ጣቶች ላይ እስከ ዛሬ አለ። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው ንጹሕ ውኃ በተጠራቀመበት ዕቃ ውስጥ ነው፤ እኛ ደግሞ ውኃ በየቀኑ ስለማይመጣ በበርሜልና በጄሪካን ሳናጠራቅም መኖር አንችልም። ስለዚህ በ2013 በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለእጅ መታጠቢያ የተደረደሩትን በርሜሎች ሳይ መጀመሪያ የፈለግሁት ክዳን እንዳላቸው ነበር። አንዱን በሽታ ስንከላከል ሌላውን እንዳንጠራ ፈራሁ። ለጥበቃው ነገርኳቸው፤ በማግሥቱ ሁሉም በርሜሎች ተከድነው አገኘኋቸው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዕለት፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ሰኞ፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ ተወሰነ። ለ15 ቀን ነው በመባሉ የ7ኛ ሲ ተማሪዎቼን የድርሰት ደብተሮች በሁለት ፌስታል ሞልቼ ወደ ቤት ወሰድኩ፤ 52 ደብተር ነበር። በአንድ ሳምንት አርሜ ጨረስኩ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ 15 ቀኑም እየተራዘመ ሰባት ወር ሆነ። በቴሌግራም ማስታወሻ መላክ ስንጀምር ከ52ቱ መካከል ቤታቸው ኢንተርኔት የሚሠራበት ስልክ ያላቸው 9 ብቻ መሆናቸውን ደረስኩበት። የቀሩት 43 ልጆች በዚያ ሰባት ወር ምን እንደሚያነቡ፣ ምን እንደሚጽፉ አላውቅም ነበር፤ የሚጽፉበትም ደብተር ከእኔ አልጋ ሥር ነው። ይህ ነገር ሌሊት ሌሊት ይከነክነኝ ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤት ይከፈት ሲባል ከልቤ ደስ ያለኝ ሰው ነኝ። ደስታውና ፍርሃቱ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ለማስረዳት ግን በዚያ ጊዜ ቃል አጠረኝ።

የመምህር ፍርሃት የራሱ ጠባይ አለው። ባለ ሱቅ በደጁ ገመድ ወጥሮ ደንበኛውን ከገመዱ ወዲያ ሊያቆም ይችላል። የእኛ ሥራ ግን ራሱ መቅረብ ነው። ልጁ የጻፈውን ለማየት በዴስኩ ላይ ታጎነብሳለህ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር የሚያፍረውን ለመስማት ጆሮህን ወደ አፉ ትወስዳለህ፤ የምታለቅሰዋን ልጅ ከ2 ሜትር ርቀት ማባበል አይቻልም። በሽታው ልጆችን አብዛኛውን ጊዜ ቀለል አድርጎ እንደሚያልፋቸው ይነገር ነበር፤ ይህም ስለ እነርሱ አጽናናኝ። እኔን ያስጨነቀኝ የመጣልኝ ስሌት ነው። በጠዋት ፈረቃ 26፣ በከሰዓት 26፤ እያንዳንዱ ልጅ ከአንድ ቤት ይመጣል፤ በየቤቱ አያት፣ ከገበያ የምትመለስ እናት፣ ከባቡሩ ጣቢያ ወይም ከጭነት መኪና የሚመለስ አባት አለ። የእነዚህ ሁሉ ቤቶች ትንፋሽ በእኔ በኩል ያልፋል፤ እኔም በማታ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ እናቴ ወደምትተኛበት ክፍል እገባለሁ። ልጆቹን ፈርቼ አላውቅም። የፈራሁት ራሴን ነበር፤ የአንዱን ቤት በሽታ ወደ ሌላው ቤት የማሻግር እኔው እንዳልሆን።

አንዳንድ ሰው በዚያን ጊዜ «ድሬ ላይ ይህን ያህል ሰው መች ታመመ» ይል ነበር። በጥቅምት መጨረሻ በአገሪቱ በምርመራ የተረጋገጠው የታማሚ ቁጥር ወደ 100 ሺህ ተጠግቶ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ የከተማችን ድርሻ ትንሽ ስለሆነ ብዙዎች ተዘናግተዋል። እኔ ግን ያደግሁት ደቻቱ ዳር ነው። ደቻቱ ዓመቱን ከሞላ ጎደል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በአንድ ሌሊት ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ ብዙዎቹ የተወሰዱት ከተኙበት ነው። አሸዋው ደረቅ ነው ብለው የሚተማመኑ ሰዎችን ስሰማ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሆዴ ይባባል።

በመጀመሪያው ቀን ደብተሮቹን ይዤ ሄድኩ። ልጆቹ የ2012ን ሁለተኛ መንፈቀ ዓመት ሳይጨርሱ ወደ 8ኛ ክፍል አልፈዋል፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ተዛውሬ ነበር። ስም እየጠራሁ ደብተር ስመልስ ግማሾቹን ማወቅ ተሳነኝ። በሰባት ወር ቁመታቸው ተመዟል፤ የወንዶቹ ድምፅ ጎርንኗል፤ የቀረው ፊታቸውም ከዓይን በታች ተሸፍኗል። አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ነኝ» ስትለኝ ማን እንደሆነች ያወቅሁት በሳቋ ነው፤ ሳቁንም ያየሁት በዓይኖቿ ዙሪያ ብቻ ነበር። አንድ መምህር የገባውንና ያልገባውን ተማሪ የሚለየው በአብዛኛው ከአፍ አካባቢ መሆኑን እስከዚያ ቀን ልብ ብዬ አላውቅም። ልጅ ሳይገባው ሲቀር ከንፈሩን ይነክሳል፤ ሲገባው አፉ በትንሹ ይከፈታል። ይህ ሁሉ ተሸፈነ። ስለዚህ «ገባችሁ?» ብዬ ደጋግሜ መጠየቅ ጀመርኩ፤ እነርሱም በጨርቅ ውስጥ በታፈነ ድምፅ «አዎ» ይሉኛል፤ «አዎ» ደግሞ ምንጊዜም የሚታመን መልስ አይደለም።

ከ52ቱ ደብተሮች 41ዱ ባለቤት አገኙ። 11 ተረፉ። ከእነዚያ መካከል የአንዱን ባለቤት ከሦስት ሳምንት በኋላ አሸዋ ገበያ ውስጥ አገኘሁት፤ በካርቶን ላይ የጨርቅ ጭምብል ዘርግቶ ይሸጣል። ሲያየኝ ሊሸሸኝ ፈልጎ ነበር፤ ግን ሸቀጡን ትቶ መሮጥ አልቻለም። ወዲያው ስለ ትምህርት አላነሳሁበትም። ሁለት ጭምብል ገዛሁትና ደብተሩ እኔ ዘንድ እንዳለ፣ የደቻቱን ክረምት የገለጸበት ድርሰት ከክፍሉ ሁሉ የበለጠ እንደሆነ ነገርኩት። «ቲቸር፣ እናቴ ሥራ ፈታለች» አለኝ። ምን እንደምመልስለት ስላጣሁ ዝም አልኩ። በጥር ወር ተመልሶ መጥቷል፤ የሌሎቹ የአሥሩ ደብተሮች ግን እስከ ሰኔ ተቀምጠው ቆዩ።

ስለ ጭምብል ካነሳሁ አይቀር፣ ከዚያ ዓመት ሁሉ ጎልቶ የሚታየኝን ልጻፍ። ቀን በስድስት ሰዓት ተኩል የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ የከሰዓቱ ይገባል። አንድ ቀን በበሩ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ከ6ኛ ክፍል የወጣች ልጅ ጭምብሏን አውልቃ ለታናሽ ወንድሟ ስታቀብለው አየሁ። ልጁ አደረገው፤ ጥበቃው አዩትና አሳለፉት። ጨርቁ ገና ከእርሷ ትንፋሽ አልደረቀም ነበር። በማግሥቱ ሆን ብዬ ቆምኩ፤ ሌሎችም አሉ። ወንድምና እኅት፣ የአክስት ልጆች፣ ጎረቤቶች፤ በፈረቃ የሚገባ ጭምብል። ደንቡ ተከብሯል፤ ያለ ጭምብል የገባ ተማሪ የለም። እኔ ለኃላፊዎች ባሳውቅ ልጆቹ ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ ከተመለሱት ውስጥም ስንቶቹ እንደገና እንደሚመጡ ከደብተሮቹ አይቻለሁ። ዝም ብል ደግሞ እንዲከላከል የታሰበው ጨርቅ ራሱ ከፈረቃ ወደ ፈረቃ በሽታ ያሻግራል። ሁለት ሌሊት በዚህ ጉዳይ አልተኛሁም።

ለእናቴ ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሰማችኝ፤ ከዚያ የስፌት መኪናዋን ሽፋን ገለጠች። ጣቶቿ እንደሚያሟት ስለማውቅ «እማዬ፣ ተይው» አልኳት። «አንቺ ቆርጠሽ ስጪኝ፣ እኔ እሰፋለሁ» አለችኝ። አሮጌ አንሶላዎችና የአባቴ ሁለት ሸሚዞች ነበሩን፤ ከጓደኞቼም ጨርቅ ሰበሰብኩ። በኅዳር ወር ውስጥ 60 ያህል ጭምብል ሰፋች። ኅዳር 12፣ እንደየዓመቱ ሠፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ ሲያጥን፣ ጭሱ ለአስሟ እንዳይሆን መስኮቱን ዘግተን ከውስጥ እንሠራ ነበር፤ እርሷም አያቷ ስለ ኅዳር በሽታ የነገሯትን ታወራልኝ ነበር፤ በ1911 ዓ.ም. ሰው በየቤቱ ሲያልቅ የሚቀብር እንደጠፋ። እኔ በሽታ አመጣባታለሁ ብዬ የምፈራላት ሴት ለማላውቃቸው ልጆች ትሰፋለች። ስሜቴን ለመግለጽ እቸገራለሁ፤ ያ ወር የቀለለኝ ግን በእርሷ ምክንያት ነው።

በዚያን ጊዜ ልፋታችን ሁሉ እጅና ዕቃ ላይ ነበር። ዴስኮቹን በበረኪና እንወለውላለን፤ የተማሪ ደብተር ለአንድ ቀን አስቀምጠን እንነካለን። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በአየር እንደሚተላለፍ በግልጽ መናገር የጀመረው ቆይቶ ነው። ጋሼ ግን ማንም ሳይነግራቸው ስለ አየሩ ያስቡ ነበር። ወደ መንገድ የሚመለከቱት የክፍሎቻችን መስኮቶች፣ በባጃጅ ጩኸትና በሌብነት ምክንያት ከዓመታት በፊት በሚስማር ተቸንክረው ነበር። አንድ ቅዳሜ መዶሻና ጉጠት ይዘው መጡና የአምስት ክፍሎችን መስኮት ሚስማር ነቀሉ። «ሙቀቱ ነው እንጂ ሌላ ምን አለን፤ እርሱ ራሱ መስኮት ክፈቱ ይለናል» አሉኝ። በደጋ ከተሞች የሚያስተምሩ ጓደኞቼ በብርዱ ምክንያት መስኮት ዘግተው እንደሚያስተምሩ ይነግሩኝ ስለነበር፣ የድሬን ሙቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገንኩ። ጩኸቱ ግን አይቻልም፤ በጭምብል ውስጥ ከባጃጅ በላይ መጮህ የጉሮሮን ቅጥ ያሳጣል።

ክትባት ወደ አገራችን የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ነው፤ ክትባት ለአገሮች በሚያከፋፍለው ዓለም አቀፍ ጥምረት፣ በኮቫክስ በኩል፣ ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚጠጋ የአስትራዜኔካ ዶዝ። መሰጠት የተጀመረው መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በዓመቱ፣ በጤና ባለሙያዎች ነበር። ቅደም ተከተሉ ትክክል እንደነበር አምናለሁ። ሆኖም ያ መጋቢት በሽታው እስከዚያ ጊዜ ድረስ በአገሪቱ እጅግ የበረታበት ወር ሆነ፤ በቀን ከ2,000 በላይ አዲስ ታማሚ ሲመዘገብ፣ ሆስፒታሎች የኦክስጅን እጥረት ሲገጥማቸው፣ በእኛ በር ላይ ግን ጭምብሉ ወደ አገጭ ወርዶ ነበር፤ በርሜሎቹም ደርቀዋል። ከጥቅምት ጀምሮ ስንፈራ ቆይተን፣ መፍራት በሚገባን ወር ደከመን።

ጋሼ የታመሙት በዚያን ጊዜ ነው። ከየት እንደያዛቸው አይታወቅም፤ ልቅሶ ቤት ሄደው ነበር፣ ታክሲ ይሳፈራሉ፣ ክፍልም ይገባሉ። ሆስፒታል ገብተው 11 ቀን በኦክስጅን ቆዩ። ርዕሰ መምህሩ ክፍላቸውን የሚይዝ ሰው ሲያጡ ወደ እኔ መጡ፤ ከእኔ ክፍለ ጊዜያት ጋር የማይጋጨው የእርሳቸው ነበርና። ሒሳብ ማስተማር አልችልም። ጋሼ ከአልጋቸው ሆነው በልጃቸው በኩል የገጽ ቁጥር ይልኩልኝ ነበር፤ ጎበዞቹ ተማሪዎች ተራ በተራ ሰሌዳ ላይ ይሠራሉ፤ እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ሥነ ሥርዓት እጠብቃለሁ። በየጠዋቱ «ጋሼ መቼ ይመለሳሉ?» ይሉኛል። ጋሼ በጥቅምት በሩ ላይ የጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ እኔ ሆኜ ነበር፤ መልሱም ደካማ መልስ ነበር።

የተመለሱት በግንቦት ነው። ሰውነታቸው ሟሟ፤ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ሲደርሱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። 40 ደቂቃ ማውራት ስላልቻሉ ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ በጽሑፍ አደረጉት፤ ጥያቄውን ይጽፋሉ፣ እርምጃውን ይጽፋሉ፣ ስሕተት የሠራውን ተማሪ በጣታቸው ጠርተው ሰሌዳው ላይ ያሳዩታል። እነዚያ 26 ልጆች፣ በሌላው ሰው ክፍለ ጊዜ ዝም ማለት የማያውቁ፣ ለእርሳቸው ዝም አሉ። በማልሠራበት ሰዓት በኮሪደሩ ሳልፍ መስኮቶቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተው፣ ከውስጥ የሚሰማኝ የጠመኔው ድምፅ ብቻ ነበር።